የብሌችሊ ፓርክ ቤትና ባለቤቶቹ

ብሌችሊ ፓርክ ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በበኪንግሃምሻየር የሚገኝ ግቢ ነው። ከብሌችሊ ባቡር ጣቢያ የወረደ መንገደኛ በእግሩ ጥቂት ደቂቃ ሄዶ ይደርስበታል። በግቢው ውስጥ ኩሬ ፊት ለፊት የቆመው ቀይ የጡብ ቤት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመነ መንግሥት መገባደጃ ላይ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ አርክቴክት፣ አንድ የአክሲዮን ነጋዴ፣ አንድ የቤት ተቋራጭ፣ አንድ የስለላ አለቃ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በመጨረሻም አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ተፈራርቀውበታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ቤቱን ለመልኩ ብሎ የወደደው ምናልባት አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የፈለጉት መሬቱን፣ ባቡሩን ወይም ከሰው ዓይን መሰወሩን ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቦታው ላይ ከአሁኑ ቤት በፊት ሌላ ቤት ነበረ። የጥንት ቅርሶችንና የአብያተ ክርስቲያናትን ታሪክ በማጥናት ዕድሜውን የጨረሰው ብራውን ዊሊስ በ1711 እዚያ አንድ ትልቅ መኖሪያ አሠርቶ ነበር። በ1793 ርስቱ በቶማስ ሃሪሰን እጅ ሲገባ አዲሱ ባለቤት ቤቱን አፈረሰው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቦታው የእርሻ መሬት ሆኖ ከመቆየቱ በቀር የሚነገርለት ነገር የለም።

የአካባቢውን ዕጣ የለወጠው ባቡር ነው። በ1838 ለንደንን ከበርሚንግሃም ጋር የሚያገናኘው ሐዲድ ተጠናቀቀ፤ ሐዲዱም በብሌችሊ በኩል ያልፍ ነበር። በ1846 ከብሌችሊ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቤድፎርድ የሚሄድ ቅርንጫፍ ተዘረጋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦክስፎርድ የሚያደርሰው ተከተለ። የምሥራቁ መስመር እየረዘመ ካምብሪጅ ሲደርስ ሁለቱን ታላላቅ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች የሚያገናኘው መንገድና ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወጣው ዋና ሐዲድ በዚህች መንደር ላይ ተገናኙ። ይህ መገጣጠም በጊዜው ለከብት ነጋዴና ለሸቀጥ አመላላሽ ይጠቅም ነበር እንጂ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በ1877 ርስቱን ሳሙኤል ሊፕስኮምብ ሴክሃም ገዛው። ሴክሃም የኦክስፎርድ አርክቴክት ሲሆን፣ በ1850ዎቹ የተሠራውና ዛሬም በኦክስፎርድ ከሚደነቁት ሰፈሮች አንዱ የሆነው ፓርክ ታውን የእሱ ሥራ ነው። ብሌችሊ ፓርክ የሚለው ስም የወጣው በእሱ ጊዜ ነው፤ የአሁኑን ቤት መጀመሪያ ያቆመውም እሱ ነው። የሴክሃም ቤት ዛሬ ከሚታየው በእጅጉ ያነሰና ጭምት ነበር። በግድግዳዎቹ ላይ የሚቀጥለው ባለቤት ስለ ገነባባቸው የመጀመሪያውን ቅርጽ ለይቶ ማውጣት አዳጋች ነው።

የሚቀጥለው ባለቤት ኸርበርት ሳሙኤል ሊዮን ይባላል። በ1850 ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ሊዮን በለንደን የአክሲዮን ገበያ የከበረ ሰው ነበር። በ1883 ርስቱን ሲገዛው ስፋቱ 581 ኤከር፣ ማለትም 235 ሄክታር ያህል ነበር። ሀብታም የለንደን ሰው በገጠር ቤት ሊኖረው፣ ፈረስ ሊያረባ፣ እንግዳ ሊጋብዝና ከዚያም ለምክር ቤት ሊወዳደር የተለመደ ነገር ነበር፤ ሊዮንም ይህንን ሁሉ በየተራው አደረገ። በ1891 በሊበራል ፓርቲ ስም የበኪንግሃም አካባቢ የፓርላማ ተወካይ ሆኖ ተመረጠ፣ በ1895 መቀመጫውን አጣ፣ በ1911 የባሮኔትነት ማዕረግ ተሰጥቶት «ሰር ኸርበርት» ተባለ። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ የቅርብ ወዳጁ ነበር።

ቤቱ ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በሊዮንና በባለቤቱ በፋኒ ዘመን ነው። ባልና ሚስቱ አንድ ጊዜ አቅደው አንድ ጊዜ አልገነቡም፤ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ጣሪያ ሲጨምሩ ኖሩ። ውጤቱ ከፊት ለፊት ሲታይ ግልጽ ነው። በአንደኛው ጫፍ ዝገቱ አረንጓዴ ያደረገው የመዳብ ጉልላት አለ። ከእሱ አጠገብ በጥቁር ጣውላና በነጭ ልስን የቱዶር ነገሥታትን ዘመን ለመምሰል የተሠራ ሾጣጣ ግንባር ይታያል። ቀጥሎ ወደ ውጭ የወጡ ሰፋፊ መስኮቶች፣ የጎቲክ ቅስቶች፣ የኔዘርላንድ ቤቶችን የሚያስታውስ ጠመዝማዛ የግንብ ጠርዝ ይደረደራል። በዋናው በር ግራና ቀኝ ደግሞ ግማሽ አንበሳ ግማሽ ንስር የሆኑ የድንጋይ አውሬዎች ተቀምጠዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያ ያገለገለው አሜሪካዊ አርክቴክት ላንዲስ ጎርስ ቤቱን ክፉኛ ነቅፎታል፤ የሙያ ጓደኞቹም አብዛኞቹ አይቃወሙትም። ፍርዱ በጥበብ ሚዛን ትክክል ሊሆን ይችላል። ይሁንና ሰው ለራሱ ደስታ፣ የሌላውን አስተያየት ሳይጠይቅ የሠራው ቤት እንደሆነ ማንም አይቶ ያውቀዋል፤ ይህም የራሱ ለዛ አለው።

ውስጡ ከውጩ ይሻላል። የመግቢያው አዳራሽ በተጠረበ ጣውላ የተሸፈነ ነው፤ መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት አላቸው። መጻሕፍት ቤቱ እስከ ኮርኒሱ የሚደርሱ መደርደሪያዎች ነበሩት። የጭፈራ አዳራሹ ኮርኒስ ደግሞ በጂፕሰም የተቀረጸ ነው፣ ቀና ብሎ ላየው አንገት ያደክማል። ከቤቱ ኋላ በረቱ፣ የፖም ማከማቻው፣ የሠራተኞች መኖሪያና ግቢውን የሚጠብቁ ትናንሽ ቤቶች ነበሩ። አትክልቱን የሚንከባከቡት 40 ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል። በገና ማግስት የአካባቢው ቀበሮ አዳኞች በፈረስ ሆነው ከቤቱ ፊት ሲሰበሰቡ አሳላፊው መጠጥ በትሪ ይዞ ይዞርላቸው ነበር። ለመንደሩ ሰው ግን ይበልጥ የሚታወሰው በነሐሴ የበዓል ቀን ግቢው ለሕዝብ ተከፍቶ የሚካሄደው የአበባና የእርሻ ትርኢት ነው። የሊዮን ስም በብሌችሊ ትምህርት ቤትና መዝናኛ ሜዳ ላይ እስካሁን መቆየቱ ሰውየው ከጎረቤቶቹ ጋር እንዴት እንደኖረ ያመለክታል።

ሰር ኸርበርት በ1926 ሞተ። ሌዲ ፋኒ ቤቱን ይዛ 11 ዓመት ቆየችና በ1937 አረፈች። ያ ጊዜ በመላው እንግሊዝ የገጠር ትልልቅ ቤቶች የሚፈርሱበት ጊዜ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የውርስ ግብሩ ከብዶ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ጨምሮ፣ ሠላሳ ክፍል የሚያሞቅ ቤተሰብ እየጠፋ ነበር። የሊዮን ወራሾችም ርስቱን ለገበያ አወጡት። ቤቱንና አብዛኛውን መሬት የገዛው ሁበርት ፎክነር የተባለ የአካባቢው ተቋራጭ የሚመራው ቡድን ነው። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ ትልቁን ቤት አፍርሰው መሬቱን ሸንሽነው የመኖሪያ ቤቶች መሥራት።

ቤቱን ያተረፈው ያልታሰበ ገዢ ነው። አድሚራል ሰር ሂው ሲንክሌር በዚያን ጊዜ ኤምአይ6 ተብሎ የሚታወቀው የውጭ ስለላ ድርጅት አለቃ ነበር፤ የውጭ መንግሥታትን ምስጢራዊ መልእክት የሚፈታው ክፍልም በእሱ ሥር ነበር። ጦርነት ቢነሳ ለንደን በቦምብ እንደምትደበደብ ሁሉም ይጠብቅ ስለነበር ሠራተኞቹን የሚያሸሽበት ቦታ ይፈልግ ነበር። ብሌችሊ ሁሉንም አሟላች። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ሊመለመሉ የታሰቡት ምሁራን ባቡር ሳይቀይሩ ይደርሳሉ። ዋናው የለንደን አውራ ጎዳና በአጠገቡ ያልፋል፣ የስልክና የቴሌግራፍ ትልልቅ መስመሮች ደግሞ በቅርቡ በፌኒ ስትራትፎርድ ይገናኛሉ። ከመቶ ዓመት በፊት የተዘረጋው ሐዲድ አሁን ዋጋው ታወቀ። ሲንክሌር መንግሥትን ገንዘብ ቢጠይቅ መሥሪያ ቤቶቹ አንዱ ወደ ሌላው መሩት እንጂ ከፋይ አልተገኘም። በ1938 ጸደይ ቤቱንና 58 ኤከር መሬት በ6,000 ፓውንድ ገዛ፤ ገንዘቡን የከፈለው ከራሱ ኪስ ነው ተብሎ ይነገራል።

በዚያው ዓመት መስከረም፣ ሂትለር ቼኮዝሎቫኪያን ሲያስፈራራ፣ ሠራተኞቹ ለሙከራ ወደ ብሌችሊ መጡ። ጎረቤት እንዳይጠረጥር የመጡት ለአደን እንደሆነ ተወራ፤ ጉዞውን ያሰናዳው የባሕር ኃይል መኮንን ካፒቴን ሪድሊ ስለነበር ቡድኑ «የካፒቴን ሪድሊ የአደን ጓደኞች» ተባለ። ሲንክሌር በለንደን ሳቮይ ሆቴል ከሚያውቃቸው ምርጥ ወጥ ቤቶች አንዱን አብሮ አምጥቶ ስለነበር ምግቡ ለስደት የሚመጥን አልነበረም። የሙኒኩ ስምምነት ተፈርሞ ጦርነቱ ለጊዜው ሲቀር ሁሉም ወደ ለንደን ተመለሱ። ነሐሴ 1939 ግን የመጡት ለመቆየት ነው። ሲንክሌር የገዛው ቤት ምን እንደሚሠራበት ለማየት ብዙ አልታደለም፤ በኅዳር 4 ቀን 1939 በካንሰር ሞተ።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ሁሉ በትልቁ ቤት ውስጥ ተካሄደ። በምድር ቤቱ የባሕር ኃይል፣ የምድር ጦርና የአየር ኃይል ክፍሎች፣ የስልክ ማዞሪያው፣ የቴሌፕሪንተሩ ክፍል፣ ወጥ ቤቱና መመገቢያው ተጨናንቀው ገቡ። የላይኛው ፎቅ ለስለላ ድርጅቱ ተሰጠ። የምስጢር ፈቺው ክፍል ኃላፊ አላስቴር ዴኒስተን ቢሮውን ሳሎኑ አጠገብ አደረገ። የባሕር ኃይል ክፍሉ በሊዮን መጻሕፍት ቤት ጠረጴዛ ዘረጋ። በጣሪያው ላይ ካለው የውሃ ማጠራቀሚያ ክፍል ደግሞ የሬዲዮ ጣቢያ ተተከለ። ጣቢያው የድርጅቱ አሥረኛ በመሆኑ በሮማውያን ቁጥር «ጣቢያ ኤክስ» ተባለ። በቤቱ ላይ የተዘረጋው የሬዲዮ ሽቦ የጠላት አውሮፕላን ዓይን እንዳይስብ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ስሙ ግን በብሌችሊ ላይ ቀረ።

ዋናው የቤት ሥራ ኢኒግማ ነበር። የጀርመን ጦር የሚጠቀምበት ይህ የጽሕፈት መኪና መሰል ማሽን አንድን ፊደል በተጫኑ ቁጥር በሌላ ፊደል ይለውጠዋል፤ የለውጡ ሥርዓት ደግሞ በየቀኑ ይቀየራል። የማሽኑ አቀማመጥ ከ150 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን በላይ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ጀርመኖች አይፈታም ብለው ያምኑ ነበር። የመፍቻውን መንገድ መጀመሪያ የጠረጉት ፖላንዳውያን ናቸው። ማርያን ሬየፍስኪ፣ የርዚ ሩዥትስኪና ሄንሪክ ዚጋልስኪ የተባሉ ሦስት ወጣት የሂሳብ ሊቃውንት ከ1932 ጀምሮ ማሽኑን ሲያጠኑ ቆይተው፣ ጦርነቱ ሊነሳ አምስት ሳምንት ሲቀረው በዋርሶ አቅራቢያ የደረሱበትን ሁሉ ለእንግሊዞችና ለፈረንሳዮች አስረከቡ። በብሌችሊ ይህንን የተቀበለው ቡድን የተቀመጠው በትልቁ ቤት ውስጥ ሳይሆን ከኋላው፣ በሊዮን የፈረስ በረት ግቢ ባለች ትንሽ ቤት ነው። ዲሊ ኖክስ፣ አላን ቱሪንግና ጎርደን ዌልችማን በመጀመሪያዎቹ ወራት አብረው የሠሩት እዚያ ነው። በጥር 1940 የመጀመሪያዎቹ የጦርነቱ ዘመን የኢኒግማ መልእክቶች ተነበቡ።

የሰው ቁጥር ሲጨምር ቤቱ አልበቃ አለ። በግቢው ሣር ላይ «ሃት» እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩ የጣውላ ቤቶች ተተከሉ። ሃት 6 የጀርመን ምድር ጦርና አየር ኃይል መልእክቶችን ይፈታል፣ ሃት 3 የተፈታውን ይተረጉማል። ሃት 8 የባሕር ኃይሉን ይፈታል፣ ሃት 4 ይተረጉማል። በሃት 6 እና በሃት 3 መካከል ያለው ግንኙነት እንዲህ ላለ ምስጢር የማይመጥን ቀላል ነገር ነበር፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የእንጨት ቦይ ተሠርቶ ወረቀቱ በትሪ ተደርጎ በመጥረጊያ እንጨት ይገፋል። ትሪው መድረሱን ለማሳወቅ ግድግዳውን መደብደብ ይበቃል። ክፍሎቹ በክረምት የሚበርዱ፣ በከሰል ምድጃ ጢስ የሚታፈኑ፣ መስኮታቸው በሌሊት በመጋረጃ የሚጨልም ነበሩ። ቱሪንግ የሻይ ኩባያው እንዳይወሰድበት ከማሞቂያው ቧንቧ ጋር በሰንሰለት ያስረው እንደነበር አብረውት የሠሩ ተርከዋል።

በመጋቢት 1940 ቱሪንግ የነደፈው የመጀመሪያው «ቦምብ» የተባለ የኤሌክትሪክ ማሽን ሃት 1 ውስጥ ቆመ። ይህ ማሽን ሰው ሊሞክራቸው የማይችላቸውን የኢኒግማ አቀማመጦች በሰዓታት ውስጥ እየሞከረ የማይሆኑትን ይጥላል። የሚፈነዳውን ቦምብ በተመለከተ ግን ብሌችሊ ዕድለኛ ነበረች። በኅዳር 1940 አንድ የጀርመን አውሮፕላን የባቡር ጣቢያውን ለመምታት ሳይሆን አይቀርም የጣላቸው ጥቂት ቦምቦች በግቢው ውስጥ ወደቁ። አንደኛው ሃት 4ን ከመሠረቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አንሸራተተው። ሠራተኞች ቤቱን በገመድና በማንሻ ስበው ወደ ቦታው ሲመልሱት፣ ውስጥ ያሉት ሥራቸውን አላቋረጡም።

የጣሊያን መልእክቶችም በብሌችሊ ይፈቱ ነበር። በመጋቢት 1941 ሜቪስ ሌቨር የተባለች የ19 ዓመት ወጣት ከዲሊ ኖክስ ክፍል የፈታችው የጣሊያን ባሕር ኃይል መልእክት እንግሊዞች በኬፕ ማታፓን ለተቀዳጁት ድል መንገድ ከፍቷል። በዚያው ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የጣሊያን ጦር ይለዋወጣቸው የነበሩ ምስጢራዊ መልእክቶች በብሌችሊና በካይሮ በነበረው ቅርንጫፍ እየተነበቡ ለእንግሊዝ የጦር አዛዦች ይደርሱ ነበር። ኢትዮጵያ ነፃ በወጣችበት የ1941 ዘመቻ ላይ በሱዳንና በኬንያ በኩል የዘመቱት ጄኔራሎች የጠላታቸውን ዕቅድ ብዙውን ጊዜ አስቀድመው ያውቁ ነበር። አርበኞች በበረሃና በተራራ የተዋደቁለት ድል እንዲህ ያለ ደጋፊ እንደነበረውም እነሱ ራሳቸው ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

ዊንስተን ቸርችል በመስከረም 1941 ብሌችሊን ጎበኘ። በጥቅምት 21 ቀን ደግሞ ቱሪንግ፣ ዌልችማን፣ ሂው አሌክሳንደርና ስቱዋርት ሚልነር ባሪ አለቆቻቸውን ዘለው በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጻፉ፤ የጽሕፈት ሠራተኛና የማሽን ኦፕሬተር እጥረት ሥራውን እያሰናከለ መሆኑን ገለጹ። ሚልነር ባሪ ደብዳቤውን ራሱ ይዞ ዳውኒንግ ስትሪት 10 ደረሰ። ቸርችል በማግስቱ የተጠየቀው ሁሉ ባስቸኳይ እንዲሟላ አዘዘ። ከዚህ በኋላ የጡብና የሲሚንቶ ሕንፃዎች በየአቅጣጫው ተነሡ፤ የሊዮን የአትክልት ቦታ ወደ አንድ ትንሽ ከተማ ተለወጠ። በ1942 መጀመሪያ ኤድዋርድ ትራቪስ ዴኒስተንን ተክቶ ሥራውን መራ። ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ባካሄደው የመስቀለኛ ቃላት ውድድር እንቆቅልሹን ከ12 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከፈቱት አንዳንዶቹ ሳይታሰብ ተጠርተው ተቀጠሩ።

በጦርነቱ መጨረሻ 9,000 የሚጠጉ ሰዎች በብሌችሊና በዙሪያዋ ባሉ ጣቢያዎቿ ይሠሩ ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። በግቢው ውስጥ ያደረ ሰው ጥቂት ነው። ሌላው በአካባቢው መንደሮች በሰው ቤት ተመርቶ በብስክሌትና በአውቶቡስ ይመላለስ ነበር፤ ሥራው በሦስት ፈረቃ ስለነበር ግቢው እኩለ ሌሊት ላይም እንደ ቀትር ይነቃ ነበር። ትልቁ ቤት በዚያ ጊዜ የአስተዳደር ቢሮና የመገናኛ ማዕከል ሆነ። በጭፈራ አዳራሹ ሙዚቃና ቲያትር ይታይ ነበር። ክረምት ሲጠና ኩሬው በረዶ ስለሚሆን ወጣቶቹ በእረፍት ሰዓታቸው ይንሸራተቱበት ነበር፤ የሊዮን ቤተሰብ የቁጥቋጦ አጥር ጥልፍልፍ መጫወቻ በነበረበት ቦታ ላይ በቸርችል ትእዛዝ የቴኒስ ሜዳ ተሠራ።

በጥር 1944 ደግሞ ኮሎሰስ መጣ። የጀርመን ከፍተኛ ዕዝ የሚጠቀምበት ሎሬንዝ የተባለ ማሽን ከኢኒግማ የባሰ ነበር፤ ቢል ተት ማሽኑን ዓይቶት ሳያውቅ አሠራሩን ከመልእክቶቹ ብቻ አወጣው። ቶሚ ፍላወርስ የተባለ የፖስታ መሥሪያ ቤት ኢንጂነር በለንደን ዶሊስ ሂል ከ1,600 ገደማ የኤሌክትሮኒክስ ቫልቮች የሠራው ኮሎሰስ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኒክስ ኮምፒዩተሮች አንዱ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ አሥር ኮሎሰሶች በብሌችሊ ይሠሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለቤቱ ታሪክ አሳዛኝ ነው። በ1945 አብዛኞቹ ማሽኖች ፈረሱ፣ ወረቀት ተቃጠለ፣ ሥዕላዊ ዕቅዶች ጠፉ። ከኮሎሰሶቹ ስምንቱ ተበታተኑ። ሠራተኞቹ የመንግሥት ምስጢር ሕግ ፈርመው ስለነበር በየቤታቸው ተመልሰው ዝም አሉ፤ እዚያ አብረው ሠርተው የተጋቡ ሰዎች እንኳ እርስ በርሳቸው ስለ ሥራቸው ሳይነጋገሩ የኖሩ ነበሩ። ድርጅቱ በ1946 ወደ ለንደን ዳርቻ ኢስትኮት ተዛወረ፤ በኋላ የመንግሥት ኮሚዩኒኬሽንስ ዋና መምሪያ የሆነው እሱ ነው። ቤቱ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ፣ የፖስታና የስልክ መሥሪያ ቤት ማሠልጠኛ፣ የሲቪል አቪዬሽን ትምህርት ቤት እየሆነ ቆየ። ተማሪዎቹ በእንጨት ቤቶቹ ውስጥ ሲያልፉ ምን እንደነበረባቸው አያውቁም ነበር። በ1974 ፍሬድሪክ ዊንተርቦተም መጽሐፍ ጽፎ ምስጢሩን ካወጣው በኋላ እንኳ ለሕንፃዎቹ የሚያስብ አልተገኘም።

በ1987 የመንግሥት ኮሚዩኒኬሽንስ ዋና መምሪያ የመጨረሻው ማሠልጠኛ ሲወጣ ቦታው የመንግሥትና ከፖስታ መሥሪያ ቤት ተለይቶ የወጣው የስልክ ድርጅት ንብረት ነበር። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ጣውላ ቤቶቹ እየበሰበሱ ነበር። ጦርነቱ ዝነኛ ካደረጋቸው ሕንፃዎች አንዱ፣ ሎሬንዝን የሚፈቱት ሰዎች ይሠሩበት የነበረው ብሎክ ኤፍ፣ ፈርሷል። በ1991 ባለቤቶቹ ቦታውን ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ሊሸጡት አሰቡ፤ ፎክነር ከ53 ዓመት በፊት የነደፈው ሐሳብ በሌላ እጅ ተመለሰ ማለት ነው።

በጥቅምት 1991 የብሌችሊ የታሪክና የአርኪዮሎጂ ማኅበር አባላት ቦታው ሳይፈርስ በፊት በዚያ የሠሩትን ለመሰናበቻ ጠሩ። 400 ገደማ ሰው መጣ። ብዙዎቹ በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥራቸው በግልጽ ተናገሩ፤ የመሰናበቻው ዝግጅት የማዳን ዘመቻ ሆነ። በየካቲት 1992 የሚልተን ኪንስ ምክር ቤት አብዛኛውን ግቢ የጥበቃ ክልል አደረገው፤ በዚያው ወር የብሌችሊ ፓርክ ማኅበረ ቅርስ ተቋቋመ። በ1993 ለጎብኚዎች ተከፈተ፣ በ1994 የኬንት መስፍን ሙዚየሙን መረቀ። ባለቤቶቹን አግባብቶ ቦታውን በረዥም ኪራይ መያዝ ሌላ አምስት ዓመት ፈጀ፤ ስምምነቱ የተፈረመው በሰኔ 1999 ነው።

ቶኒ ሴል የተባለ ኢንጂነር ከጥቂት ፎቶግራፎች፣ ከአንዳንድ መሐንዲሶች የማስታወሻ ቁርጥራጭና ከአሮጌ የስልክ ዕቃ ኮሎሰስን እንደገና መሥራት የጀመረው በ1993 ነው። በ1996 ማሽኑ ተበራ፤ ዛሬ በብሎክ ኤች ባለው የኮምፒዩተር ብሔራዊ ሙዚየም ይሠራል። በሚያዝያ 1 ቀን 2000 ደግሞ ከሙዚየሙ አንድ ብርቅ ኢኒግማ ተሰረቀ። ከወራት በኋላ ማሽኑ በፖስታ ተልኮ የተገኘው በቢቢሲ ጋዜጠኛ ጄረሚ ፓክስማን እጅ ነው።

ገንዘብ ግን ሁልጊዜ ያጥር ነበር። በ2008 ከመቶ በላይ የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁራን ለታይምስ ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፈው ቦታው እየፈረሰ መሆኑን ሲያስታውቁ ጉዳዩ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለቤቱ ጣሪያ ጥገና ገንዘብ ተገኘ፣ በ2011 ከብሔራዊ ሎተሪ የቅርስ ፈንድ የ4.6 ሚሊዮን ፓውንድ ድጋፍ ተፈቀደ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቦታውን ጎብኝተው ለሠሩበት ሰዎች የተሠራውን መታሰቢያ መረቁ። ለጦርነቱ ዘመን መልክ ይመለስ ዘንድ የ8 ሚሊዮን ፓውንድ እድሳት ተደርጎ፣ በሰኔ 2014 የካምብሪጅ መስፍን ሚስት ኬት መረቀችው። አያቷ ቫሌሪ ግላስቦሮውና መንትያ እህቷ ሜሪ በጦርነቱ ጊዜ በብሌችሊ ሠርተው ነበር።

ሊዮን ያቆመው ቤት ዛሬ የሙዚየሙ አካል ነው። መጻሕፍት ቤቱ እንደ 1939 የባሕር ኃይል ቢሮ፣ የዴኒስተን ክፍልም በጊዜው እንደነበረ ተደርገው ለጎብኚ ክፍት ሆነዋል። ከኅዳር 1 እስከ 2 ቀን 2023 የእንግሊዝ መንግሥት የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ደህንነት ጉባኤ በግቢው አስተናገደ። 28 አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት፣ ከአፍሪካም ኬንያ፣ ናይጄሪያና ሩዋንዳ፣ «የብሌችሊ መግለጫ» ተብሎ በሚታወቀው ሰነድ ላይ ተስማሙ። ልዑካኑ የተሰበሰቡበትን ቦታ የመረጡት አስተናጋጆች የኮምፒዩተርን መነሻ አስታውሰው ነው።